ያልታመመው መንትያ ሴል ምን አሳየ? ከአንድ ጥንድ መንትዮች ቆዳ የተነሳ የፓርኪንሰን የጉዳይ ጥናት

ይሄን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ጀነቲክስ የተሰራ ጥናት ሞልቷል፣ የብዙ ሺ ሰው ዲኤንኤ ተሰብስቦ የተሰራም አለ፣ እኔ ግን ለሰው ማስረዳት ሲኖርብኝ ሁሌ የምመለሰው ወደ አንድ ጥንድ መንትዮች ነው። ጉዳዩ በ2014 ሴል ሪፖርትስ በሚባለው ጆርናል ላይ ወጥቷል፣ የመሩት ኒውዮርክ ያለው የስቴም ሴል ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ናቸው። መንትዮቹ እነማን እንደሆኑ አይነገርም፣ ሊነገርም አይገባም፣ ስለዚህ እዚህ "የታመመው" እና "ያልታመመው" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንትዮች ናቸው፣ ሁለቱም ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ አንድ አይነት የጂን ለውጥ ተሸክመዋል፣ ግን አንዱን ፓርኪንሰን ሲይዘው ሌላውን አልያዘውም። ጥፋቱ የጂኑ ነው ካልን ያልታመመው እንዴት አመለጠ? የጂኑ አይደለም ካልን ደሞ የዚህ ጂን ተሸካሚዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ለምን በብዛት ይታመማሉ? ይሄን ጥያቄ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በራሳቸው በመንትዮቹ ሴል ለመጠየቅ መሞከሩ ነው እኔን የያዘኝ።

ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ፣ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ አይነት ሴል መቀየር የሚችል ሴል) ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጭንቅላት ውስጥ የሚተከለው ሴል ነው። እሱም አለ፣ በ2025 የሁለት ትንንሽ ሙከራዎች ውጤት ታትሟል፣ አንዱ ጃፓን ውስጥ 7 ሰው ላይ ሌላው አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 12 ሰው ላይ የተሰራ። ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ ሴሉ ማንም ሰው ውስጥ አይገባም፣ ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ይበቅላል፣ ይመረመራል፣ በቃ።

ከጀርባው ያለው ታሪክ

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1817 ስለ ሁኔታው ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገታተራል፣ እየቆየ ሚዛን መጠበቅም ያቅታል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው መሃለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው ጠቆር ያለ ቦታ ያሉ፣ ዶፓሚን የሚባለውን እንቅስቃሴ ለመምራት የሚያስፈልግ የአንጎል ኬሚካል የሚሰሩ ነርቮች ላይ ነው። ችግሩ ሰውየው ምልክት አይቶ ሐኪም ጋ ሲደርስ ከነዚ ነርቮች ብዙዎቹ ቀድመው አልቀዋል። በሕይወት ካለ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እነዚን ነርቮች ቆንጥሮ ወስዶ ማየት ደሞ አይሞከርም፣ ከሞተ በኋላ ማየት ይቻላል ግን ያኔ የምታየው የበሽታውን መጨረሻ ነው እንጂ አጀማመሩን አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ፓርኪንሰን ከዘር ጋር ብዙም አይገናኝም ይባል ነበር። ይሄን የቀየረው 1997 ነው። ከደቡብ ጣሊያን በሚመዘዝ አንድ ትልቅ ቤተሰብ እና በጥቂት የግሪክ ቤተሰቦች ውስጥ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሰራው ጂን ላይ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ተገኘ፣ በዛው አመት ደሞ በታማሚዎች ነርቭ ውስጥ የሚታዩት ሊዊ ቦዲ የሚባሉ ጉብታዎች ዋና ይዘታቸው ይሄው ፕሮቲን እንደሆነ ታወቀ። በ2003 ሌላ ነገር መጣ፣ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ውስጥ የታመሙት ፕሮቲኑ ምንም ሳይበላሽ ጂኑ ብቻ ተባዝቶ፣ ሌላው ሰው 2 ቅጂ ሲኖረው እነሱ 4 ይዘው ተገኙ። መብዛቱ ብቻ ያሳምማል ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዟት፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የመንትዮቹ ጂን ግን ሌላ ነው፣ ጂቢኤ ይባላል፣ የመጣበት መንገድም ይገርማል። ጂቢኤ ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰራል፣ ኢንዛይሙ ላይሶዞም ውስጥ፣ ማለትም ሴሉ ቆሻሻውን በሚፈጭበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንድ አይነት ስብ ይሰባብራል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሰው ጎሼ የሚባል በሽታ ይይዘዋል፣ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፣ አጥንት ይጎዳል። አንድ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት ተሸካሚ ነው፣ ጤነኛ ነው ተብሎ ይሸኝ ነበር። ከዛ የጎሼ ታካሚዎችን የሚከታተሉ ሐኪሞች ከታካሚዎቹም ከዘመዶቻቸውም መሃል ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እየበዛባቸው መጣ። በ2009 ከ16 ማዕከላት የተሰበሰበ 5,691 ታማሚና 4,898 ጤነኛ ሰው ሲነጻጸር ታማሚዎቹ የጂቢኤ ሚውቴሽን የመያዝ ዕድላቸው ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። የነርቭ ክሊኒክ ያላየውን የጎሼ ክሊኒክ አየው እንግዲህ።

ግን ልብ በሉ፣ አብዛኛው የጂቢኤ ተሸካሚ ዕድሜውን ሙሉ ፓርኪንሰን አይዘውም። የመንትዮቹ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የያዙት ኤን370ኤስ የሚባለውን ለውጥ ነው፣ ፕሮቲኑ 370ኛ ቦታ ላይ አስፓራጂን የነበረው በሴሪን ተተክቷል፣ ይሄም በአንዱ ቅጂ ላይ ብቻ።

መንትዮች ስለ ፓርኪንሰን ሲጠየቁ ይሄ የመጀመሪያ አይደለም። በ1999 ሁለት ጥናቶች ወጥተው እርስ በርስ የተቃረኑ መስለው ነበር። አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሳተፉ ወደ 20 ሺ የሚጠጉ አሜሪካውያን መንትያ ወንዶችን አየ፣ ውጤቱ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚጀምር ፓርኪንሰን ዘር ብዙም ድርሻ የለውም የሚል ነበር፣ ምክንያቱም ከአንድ እንቁላል የተገኙትም ከሁለት እንቁላል የተገኙትም "አንዱ ታሞ ሌላውም የታመመበት" መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ጥናት ግን የሰው አካሄድና እጅ አላየም፣ የአንጎል ስካን አነሳ። ከአንድ እንቁላል ከሆኑት ጥንዶች 55 በመቶ የሚሆኑት ላይ ሁለቱም የዶፓሚን መቀነስ ታየባቸው፣ ከሁለት እንቁላል በሆኑት ግን 18 በመቶ ብቻ። ከጥቂት ዓመታት ክትትል በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር 75 ደረሰ። ልዩነቱ የመጣው "ታሟል" የሚለውን ቃል ሁለቱ ጥናቶች በተለያየ ቦታ ስላሰመሩት ነው። አልታመመም የተባለው መንትያ ጭንቅላቱ ውስጥ ነገሩ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በትክክል ምን ነበር

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ተደራራቢ ነገር ነው። ሚውቴሽኑ ብቻውን ነርቭ ላይ ምን ያደርጋል? ከሚውቴሽኑ ውጪ ያለው ልዩነትስ ምን ይጨምራል? ስካን የዶፓሚኑን መጠን ያሳይሃል እንጂ ኢንዛይሙ ስንት እንደሆነ፣ ፕሮቲኑ ተከማችቶ እንደሆነ አይነግርህም። አይጥ ላይ ጂኑን መቀየር ይቻላል፣ ግን አይጧ የነዚን ሰዎች ቀሪ ዲኤንኤ አልያዘችም፣ መንትዮቹን መንትያ ያረጋቸው ደሞ እሱ ነው።

መንገዱን የከፈተው የጃፓኑ ያማናካ ነው። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው፣ አንድ ተራ የቆዳ ሴል ውስጥ አራት ጂኖች በማስነሳት ሴሉን ወደ ጽንስ ጅማሬ አይነት ሁኔታ መለሰው፣ ከዛ ሁኔታ ደሞ ወደ ፈለግከው ሴል መምራት ይቻላል። በ2012 ኖቤል ያሸለመው ይሄ ነው። እነዚን ሴሎች አይፒኤስ ሴል ይሏቸዋል። ለፓርኪንሰን ሰው ትርጉሙ ቀላል ነው፣ ከጭንቅላት መውሰድ ያልተቻለውን ነርቭ ከክንድ ቆዳ ተነስቶ መስራት ተቻለ፣ ያውም የዛኑ ሰው ሙሉ ዲኤንኤ የያዘውን።

የተሰራው ስራ

ከሁለቱም መንትዮች ፋይብሮብላስት የሚባል የቆዳ ሴል ተወሰደ። እሱን ወደ አይፒኤስ ሲቀይሩ የተጠነቀቁበት ነገር አለ፣ ለውጡን ያመጡት ጂኖች ሴሉ ዲኤንኤ ውስጥ ተሰክተው እንዳይቀሩ ማድረግ። የድሮው ዘዴ ቫይረስ ስለሚጠቀም ባዕድ ጂኑ እዛው ይቀራል፣ በ2009 ከፓርኪንሰን ታማሚዎች በተሰሩ ሴሎች ላይ እንደታየው ደሞ ይሄ ቅሪት ሴሉ ጂኖቹን የሚያነብበትን መንገድ ይነካል። ሁለት ዲኤንኤያቸው አንድ የሆነ ሰዎችን ለማነጻጸር የተነሳ ሰው እያንዳንዱ ሴል ላይ በተለያየ ቦታ ባዕድ ጂን ከሰካ ያነጻጸረው ምኑን ነው? ስለዚህ ያለ ቅሪት ሰሩት።

ቀጥሎ አይፒኤሱን ወደ መሃለኛው አንጎል ዶፓሚን ነርቭ መምራት ነው። ይሄ ትዕግስት የሚጨርስ ስራ ነው፣ ጽንስ ውስጥ አንጎሉ ሲሰራ የሚመጡትን ምልክቶች በተራቸው፣ በቀናቸው፣ በመጠናቸው እየጨመርክ ሳምንታት ትቆያለህ፣ አንዷን ምልክት ቀን ካሳሳትክ ነርቭ ታገኛለህ ግን የሌላ የአንጎል ክፍል ነርቭ። በጥሩ ቀን እንኳ ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዶፓሚን ነርቭ አይሆንም፣ ያልበሰለ አለ፣ ሌላ ነርቭ አለ፣ ነርቭ ያልሆነም አለ። ከአንዱ ሰው ሴል ግማሹ ዶፓሚን ነርቭ ቢሆን ከሌላው ደሞ ሩቡ ቢሆን፣ ከዛ የሁለቱን ዶፓሚን ብትለካ ያገኘኸው ልዩነት የበሽታ ነው ወይስ የቅልቅሉ? እነዚ ሰዎች ይሄን የፈቱት ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ በላያቸው ባለው ምልክት የሚለይ ማሽን ተጠቅመው ተመሳሳይ የሆኑትን ነርቮች ብቻ በመለየት ነው። ለኔ የጥናቱ ግማሽ ዋጋ ያለው እዚህ እርምጃ ላይ ነው፣ ውጤቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል።

ሚውቴሽኑ ከሌለባቸው ሰዎች የመጣ ነርቭም አብሮ ነበር። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሶስተኛው ወገን ባይኖር ሙሉ ታሪኩ ተገልብጦ ይነበብ ነበር፣ አሁን እንደምታዩት።

ያገኙት ነገር

የመጀመሪያው ግኝት መንትዮቹ የሚመሳሰሉበት ነው። በሁለቱም ነርቮች ውስጥ የጂቢኤ ኢንዛይም ስራ ወደ ግማሽ ወርዷል፣ ያው ከሁለት ቅጂ አንዱ ሲበላሽ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ቀጣዩ ነው፣ የአልፋ-ሲኑክሊን መጠን በሁለቱም ወደ 3 እጥፍ ከፍ ብሏል፣ ዶፓሚን የመስራትና የመልቀቅ አቅማቸውም በሁለቱም ቀንሷል። በሁለቱም ነው የምላችሁ! ያልታመመው ሰው ነርቭም እንደዛው ነው።

ወደ 2003ቱ ቤተሰብ ልመለስ። ከዛ አይነት ቤተሰብ፣ 4 ቅጂ ካላቸው ሰው ቆዳ የተሰራ ነርቭ በ2011 ሲለካ አልፋ-ሲኑክሊኑ እጥፍ ነበር፣ እነዚ ሰዎች ደሞ በጣም በጊዜ የሚታመሙ ናቸው። የኛ ያልታመመ መንትያ ነርቭ ግን ሳህን ላይ 3 እጥፍ ይዞ ሰውየው ፓርኪንሰን የለበትም። በእርግጥ የሁለት ላብ ቁጥር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ይሄ ከዛ ይበልጣል ማለት አይገባም፣ አለካኩም አበቃቀሉም ይለያያል፣ ግን "ፕሮቲኑ ከበዛ ሰውየው ይታመማል" የሚለው ቀጥተኛ መስመር እዚህ ጋ እንደሚሰበር ለማየት ይበቃል።

ኢንዛይም ሲቀንስ ፕሮቲኑ ለምን ይበዛል ለሚለው በ2011 የወጣ ሌላ ስራ ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ኢንዛይሙ ያልሰባበረው ስብ ሲከማች አልፋ-ሲኑክሊን ተያይዞ እንዲጓጉል ያግዛል፣ የተጓጎለው ፕሮቲን ደሞ ተመልሶ ኢንዛይሙ ወደ ላይሶዞም የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፣ ኢንዛይሙ ይበልጥ ይቀንሳል። አዙሪት ነው፣ አንዴ ከገባህ እየባሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው ግኝት የሚለያዩበት ነው። የታመመው መንትያ ነርቮች ዶፓሚናቸው ከወንድምየው ይበልጥ ወርዷል፣ ማኦ-ቢ የሚባለው ዶፓሚንን የሚሰባብር ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፣ ነርቮቹ እርስ በርስ ተያይዘው የሚያደርጉት የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴም ተዛብቷል። በኔ አነጋገር ሁለቱም የሚሰሩት ዶፓሚን ትንሽ ነው፣ የታመመው ግን የሰራትን ትንሿንም የሚሰባብርበት ነገር በዝቶበታል።

አሁን ያቺን ሶስተኛ ወገን አስቡ። ያልታመመውን መንትያ "ጤነኛ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ)" ብለው የታመመውን ከሱ ጋ ብቻ ቢያነጻጽሩ ኖሮ የሚታየው የማኦ-ቢ ልዩነትና የዶፓሚን ልዩነት ብቻ ነበር። ኢንዛይሙ በሁለቱም ግማሽ ስለሆነ "ልዩነት የለም"፣ አልፋ-ሲኑክሊኑ በሁለቱም 3 እጥፍ ስለሆነ "ልዩነት የለም"፣ በቃ ጂቢኤ ከጉዳዩ ውጪ ነው ተብሎ ይዘጋ ነበር። ስህተት።

የሰራውና ያልሰራው

የሰራውን ላስቀድም። ተመራማሪዎቹ ነርቮቹ ውስጥ ጤነኛውን ጂቢኤ በብዛት እንዲመረት አደረጉ፣ የማኦ-ቢ መከላከያ መድሃኒትም ሰጡ፣ በነዚ ሁለት ነገሮች አልፋ-ሲኑክሊኑም ዶፓሚኑም ወደ ጤናማው ደረጃ ተመለሱ። ከዛ ተነስተው ለታመመው መንትያ ሁለቱን ያጣመረ ህክምና ይጠቅም ይሆናል አሉ። የማኦ-ቢ መከላከያ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን ፓርኪንሰን ላይ ሲታዘዙ የቆዩ መድሃኒቶች ናቸው። አንድን የቆየ መድሃኒት ለየትኛው ታማሚ ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል ከራሱ ከታማሚው ሴል መጠየቅ መቻሉ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልክድም።

ያልሰራው ወይም መልስ ያላገኘው ግን ብዙ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

አንደኛ፣ ዕድሜ። ፓርኪንሰን በብዛት ከ60 ዓመት ወዲያ የሚመጣ ነው፣ ሴል ወደ አይፒኤስ ሲመለስ ግን በዕድሜ የተጠራቀመበት ምልክት በብዛት ይታጠባል፣ የምታገኘው ነርቭ ለጽንስ የቀረበ ነው። ይሄን ለማለፍ ያልተሞከረ የለም፣ በ2013 አንዱ ቡድን ልጆችን ያለጊዜያቸው የሚያስረጅ በሽታ የሚያመጣውን ፕሮቲን ነርቮቹ ውስጥ አስገብቶ በግድ አስረጃቸው፣ በ2015 ደሞ ሌሎች የቆዳ ሴልን አይፒኤስ ሳያደርጉ በቀጥታ ወደ ነርቭ ሲቀይሩት የባለቤቱ የዕድሜ ምልክት እንደማይጠፋ አሳዩ። መንትዮቹ ጉዳይ ላይ ግን ይሄ መታጠብ ራሱ እንቆቅልሽ ያመጣል። በህይወት ዘመን የተጠራቀመው ከታጠበ፣ ዲኤንኤያቸው ደሞ አንድ ከሆነ፣ የነርቮቹ ልዩነት ከየት መጣ? ከተከፈሉ በኋላ በአንዱ ላይ ብቻ የተፈጠረ ሚውቴሽን ሊሆን ይችላል፣ ሳይታጠብ የቀረ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደሞ የሚያሳፍረው አማራጭ፣ ሳህን ውስጥ በበቀሉ ሁለት የሴል መስመሮች (ከአንድ መነሻ የተባዙ ሴሎች) መሃል በአጋጣሚ የሚመጣ መለያየት ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጥንድ ሰው ይሄን መለየት አይቻልም። ጥናቱን እየወደድኩትም ቢሆን የማኦ-ቢውን ክፍል በጥንቃቄ የምናገረው ለዚህ ነው፣ የጂቢኤውን ክፍል ግን በሙሉ አፌ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ከብዙ ሌላ ስራ ጋ ይገጥማል።

ሁለተኛ፣ ብቸኝነት። ሳህኑ ላይ ተለይተው የቀሩት ነርቮች ብቻ ናቸው። እውነተኛ አንጎል ውስጥ ማኦ-ቢ በብዛት የሚገኘው ግን አስትሮሳይት በሚባሉት ደጋፊ ሴሎችና ሴሮቶኒን በሚሰሩ ነርቮች ውስጥ ነው፣ ዶፓሚን ነርቭ ውስጥ የሚበዛው ወንድሙ ማኦ-ኤ ነው። ንጹህ ነርቭ ለማግኘት የተከፈለው ዋጋ ይሄ ነው፣ ጎረቤቶቹን አባረርክ፣ ግን ምናልባት ዋናው ነገር የሚሰራው ጎረቤት ቤት ነው።

ሶስተኛ፣ የአንድ ቀን ፎቶ መሆኑ። "ያልታመመ" የሚለው በጊዜው የታየውን ነው የሚናገረው። ከላይ ያልኩት የስካን ጥናት ላይ 55 የነበረው 75 እንደሆነ አስታውሱ።

ከዛ በኋላ የመጣው

ሳህን ላይ የዳነ ነርቭ ሰው ላይ ምን ያህል ይተረጎማል የሚለውን ከዛ ወዲህ ያለው ታሪክ በደንብ ያሳያል። አዙሪቱን በስብ በኩል ለመስበር፣ ማለትም የሚከማቸውን ስብ ከመነሻው እንዳይመረት ለማድረግ ቬንግሉስታት የሚባል መድሃኒት የጂቢኤ ሚውቴሽን ባለባቸው የፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። መድሃኒቱ ስራውን ሰርቷል፣ ስቡ ቀንሷል፣ ሰዎቹ ግን አልተሻላቸውም፣ በ2021 ሙከራው ቆመ። ከስሌቱ አንጻር መስራት ነበረበት እኮ!

በኢንዛይሙ በኩል የሄደው አምብሮክሶል ነው፣ የድሮ የሳል ሽሮፕ መድሃኒት፣ ኢንዛይሙ ሳይበላሽ ላይሶዞም እንዲደርስ የሚያግዝ። በ2020 በወጣ ትንሽ ሙከራ 17 ሰው ላይ መድሃኒቱ አንጎልና ህብለ ሰረሰርን ከሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ መድረሱና የኢንዛይሙ መጠን እዛ መጨመሩ ታየ፣ ግን የማነጻጸሪያ ባዶ መድሃኒት የሚወስድ ቡድን ስላልነበረው በሽታውን ያዘገያል አያዘገይም አይናገርም፣ ለሱ የሚሆን ትልቅ ሙከራ እንግሊዝ ውስጥ ተጀምሯል። በማኦ-ቢ በኩልም በ2009 1,176 ሰው ያካተተ የራሳጂሊን ሙከራ በቀን 1 ሚሊግራም በሽታውን ያዘገየ አስመስሎ 2 ሚሊግራም ግን ያንን ሳያሳይ ቀርቷል፣ ስለዚህ ምልክት ማቅለሉ እንጂ በሽታ ማዘግየቱ እስካሁን አከራካሪ ነው።

ወደሌላ ስራ የሚሄዱ ነገሮች

እንዲህ አይነት ስራ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የምለው ኮንትሮልህ ለየትኛው ጥያቄ ኮንትሮል እንደሆነ ጻፈው ነው። ያልታመመ ዘመድ "ከሚውቴሽኑ ውጪ ምን አለ" ለሚለው ጥሩ ነው፣ "ሚውቴሽኑ ምን ያደርጋል" ለሚለው ግን ዋጋ የለውም። ለሁለተኛው ዛሬ የተሻለ መንገድ አለ፣ የታማሚውን ሴል ወስዶ ሚውቴሽኑን ብቻ ማረም፣ ቀሪው ዲኤንኤ ሳይነካ። በ2011 አንድ ቡድን የአልፋ-ሲኑክሊን ሚውቴሽን ላይ ዚንክ ፊንገር በሚባል አስቸጋሪ መሳሪያ አድርጎታል፣ ክሪስፐር የሚባለው ቀለል ያለ የጂን ማረሚያ ከመጣ በኋላ ደሞ የብዙ ላብ የየቀን ስራ ሆኗል። እንደውም እነዚ መንትዮች ላይ ዛሬ ቢሰራ የሚያምረው ሁለቱንም ማረም ነው፣ ጂቢኤው ሲታረም ማኦ-ቢው ይወርዳል ወይስ እንዳለ ይቀራል?

ሌላው የሰውና የሴል መስመር ቁጥር ነው። በ2017 የወጣ ከ301 ሰዎች 711 የአይፒኤስ መስመሮችን ያየ ትልቅ ስራ በመስመሮቹ መሃል ከሚታየው ልዩነት እንደሚለካው ነገር ከ5 እስከ 46 በመቶ የሚሆነው የመጣው ከሰው ወደ ሰው ባለው ልዩነት እንደሆነ አሳይቷል፣ ቀሪው የሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከአንድ ሰው አንድ መስመር ይዞ ድምዳሜ መጻፍ አደገኛ ነው፣ ከአንድ ሰው አስር መስመር መስራትም ያው አንድ ሰው ነው። በኋላ 95 የአይፒኤስ መስመር ወደ ዶፓሚን ነርቭ የሚቀይር ፋውንዲን-ፒዲ የተባለ ፕሮጀክት መጣ፣ እዛም ቢሆን አንዳንዱ መስመር በደንብ ነርቭ ሲሆን አንዳንዱ እምቢ አለ፣ የመለየቱን ማሽን ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የማን ሴል ነው የሚለውም መጠየቅ አለበት። ኤን370ኤስ በተለይ በአሽከናዚ አይሁድ (መነሻቸው መካከለኛና ምስራቅ አውሮፓ የሆኑ አይሁዶች) ዘንድ የሚበዛ ለውጥ ነው። በ2023 ናይጄሪያ ውስጥ እና አፍሪካ-አሜሪካውያን ላይ የተሰራ ጥናት እዛው ጂቢኤ ላይ ሌላ ለውጥ አገኘ፣ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ ወደ 1.5 እጥፍ፣ ሁለት የያዘ ወደ 3.5 እጥፍ ይሆናል፣ ይሄ ለውጥ የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ፕሮቲኑን በቀጥታ የሚቀይርም አይደለም፣ ጂኑ ውስጥ ፕሮቲን በማይጻፍበት ክፍል ላይ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ በመንትዮቹ ነርቭ ላይ የተገኘውን ወስዶ ለዚህም ይሆናል ማለት አይቻልም፣ ከነዚ ሰዎች ቆዳ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የፈቃድ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው የማያስበው። አንድ ሰው ቆዳውን ሲሰጥ ፈቃዱን የሚፈርመው ስለራሱ ነው። መንትያ ከሆነ ግን የሱ ዲኤንኤ ተነበበ ማለት የወንድሙም ተነበበ፣ የሱ ሚውቴሽን ታወቀ ማለት የወንድሙም ታወቀ። ያልታመመው ሰው ደሞ ሌላ ጣጣ አለበት፣ ነርቭህ ሳህን ላይ 3 እጥፍ አልፋ-ሲኑክሊን አለው ተብሎ ይነገረው? ይሄ ቁጥር ስለ ነገው ጤናው ምንም አይተነብይም፣ ግን ሰምቶ መተኛት ይከብዳል። እኔ ብሆን ሁለቱም ለየብቻ እንዲፈርሙ፣ ማወቅ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን እያንዳንዱ ቆዳው ከመወሰዱ በፊት በጽሁፍ እንዲለይ፣ አንዱ ልወቅ ሌላው አልፈልግም ቢሉ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ እንዲወሰን አደርጋለሁ፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ይሄን መጠየቅ በራሱ መልሱን መንገር ነውና።